መርዶ ያልደረሳት ሾፌር

የወሩ እድሳት በመጣ ቁጥር ኤፍራታ ስልኳን ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ታስገባና ክዳኑን ትገጥማለች። ጣሳው ውስጥ ኔትወርክ አይገባም። አዲሱ እድሳት ተጭኖ ሲያበቃ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ስልኩን ወደሚያስተዳድረው ድርጅት ደውሎ «ገብቻለሁ፣ ሁሉም በቦታው ነው» ማለት ነው፤ ጣሳ ውስጥ ሆኖ ግን መደወል አይችልም። እሷ በጣሳው ጎን በበሳችው ቀዳዳ ገመድ አሾልካ፣ ጥሪው ሳይወጣ ቁልፉን ትመልስበታለች። ቁልፍ የሚሏት እንደሷ ያሉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። በየወሩ የምትለወጥ፣ ከእጅ ወደ እጅ የምትተላለፍ ትንሽ ፋይል ናት። ቁልፏ ያለችበት ስልክ ሩት አለው ይባላል። ሩት ያለው ስልክ ለባለቤቱ ይታዘዛል። የሌለው ለድርጅቱ ይታዘዛል፣ ባለቤቱ ደግሞ ለስልኩ።

እድሳቱን እምቢ ማለት አይቻልም። ያልታደሰ ስልክ መኪና አያስነሳም፣ የቤት በር አይከፍትም፣ ሐኪም ዘንድ አያስገባም። አንዳንዴ ከእድሳትም የባሰ ይመጣል፤ ድርጅቱ የጠረጠረውን ስልክ ከሩቅ ሆኖ ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል፣ ያኔ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። ኤፍራታ ሁለቱንም ለምዳቸዋለች። ጥርሷን እንደምትፋቅ ሁሉ ሳታስበው ትሠራዋለች።

ይህን ሁሉ የምትደክመው ፊልም በነፃ ለማየት አይደለም። የምትደክመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሲሞትባት ሞቷል ተብሎ እንዲነገራት፣ ቀብሩ ላይ እንድትደርስ ትፈልጋለች።

«አጽናኝ» የሚባለው የድርጅቱ አገልግሎት ስልክ ላይ መምጣት ሲጀምር ክፉ ነገር ነው ያለ ሰው አልነበረም። መርዶ ድሮም በአንድ ጊዜ አይነገርም። ሩቅ ላለ ሰው «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ጠና ብሎበታል» ይባላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው በሩን ያንኳኳሉ። አጽናኝ ይህንኑ ነው ያደራጀው። ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ አንዱ ይመዘግባል፣ ስልኩ «ለማን ይቆይ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣ እሱም በእናቱ ወይም በእህቱ ስም ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያቺ ሴት «ያልተረዳች» ተብላ ትመዘገባለች። የደም ግፊቷ፣ እንቅልፏ፣ የሥራ ፕሮግራሟ ይታያል። አመቺ ማለዳ እስኪገኝ ይጠበቃል። እስከዚያ ድረስ ሟቹ ይደውላል።

እንደ ሁልጊዜው ነው የሚደውለው፤ በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ሳል፣ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ እየደገመ። ስለ ዝናቡ ያወራል። ጉልበቱን ያማርራል። ወደ መጨረሻው ድምፁ ደከም እያለ ይሄዳል፣ የሚሰማው ሰው ልቡን እንዲያዘጋጅ። ከሁሉ ነገሩ የሚያቅለሸልሸው ይሄኛው ነው። አንድ ቦታ፣ ንጹሕ ቢሮ ውስጥ፣ ደህና ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ተቀምጦ የሞተ ሰው ሳል በየቀኑ በምን ያህል መክበድ እንዳለበት ወስኗል። ወስኖም ምሳውን በልቷል።

ሾፌር ደግሞ ከማንም በላይ ረጅም ጊዜ ይጠበቃል። መሪ የያዘ ሰው ድንገተኛ ነገር አይነገረውም። ኤፍራታ ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የምትመላለስ ሾፌር ናት። ከኋላዋ ሰው የሌለባቸው ሦስት መኪናዎች ይከተሏታል፤ ሕጉ ከፊት አንድ ሰው ይኑር ስለሚል እሷ አለች። ከመሪ የምትወርድበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ለእሷ የሚሆን አመቺ ማለዳ በቀላሉ አይገኝም።

እናቷ የሞተች ጊዜ ስልኳ እንደማንኛውም ሰው ስልክ ነበር። በአንድ የቤት ነገር ተኳርፈው ብዙ ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። አንድ ቀን ጋላፊ ኬላ ላይ ተራ ስትጠብቅ እናቷ ደወለችላት። ኤፍራታ አለቀሰች፣ ይቅርታ ጠየቀች። እናቷም ይቅር ብዬሻለሁ፣ አንቺም ይቅር በይኝ አለቻት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሲያወሩና ሲሳሳቁ ከረሙ። መርዶው ሲነገራት የእናቷ ተዝካር እንኳ ወጥቶ ነበር። ወደኋላ ሄዳ ስታሰላው፣ ያኔ ይቅር ያለቻት እናቷ አልነበረችም፤ እናቷ ቀድማ ተቀብራለች። ማን ፊት እንዳለቀሰች ባሰበች ቁጥር ምላሷ ላይ የብረት ጣዕም ይመጣባታል። ይቅርታውን ከማን ነው ያገኘሁት ብላ አንድ ቄስ ጠይቃ ነበር። ቄሱ ስልካቸውን አየት አድርገው እግዚአብሔር ያውቃል አሏት።

ከዚያ በኋላ ነው ሎግያ ከሚያድሩ ሾፌሮች ሩት ማድረግ የተማረችው። ሩት ያለው ስልክ አጽናኝ የያዘውን ዜና በሙሉ ያሳያል፤ የተሠራ ድምፅ ሲደውል ደግሞ ከደዋዩ ስም በላይ ቀይ መስመር ያሰምራል። ለድርጅቱ ግን ማንም ያልነካው ስልክ ይመስላል። ጅማ አግብታ የምትኖር፣ ኖላዊት የምትባል አስተማሪ ልጅ አለቻት፤ እሷንም አስተምራታለች። የወሩን ቁልፍ የምትልክላት እናት ናት። እናትና ልጅ ሲደዋወሉ ቀይ መስመር የለም። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚያወሩ ሁለት ሰዎች ማግኘት ቀላል አይደለም።

የሰው ጠባይም ተለውጧል። ስልክ አንስቶ «አንተ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሞተሃል ወይ እንደማለት ይቆጠራል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ደግነት ነው። ያልተረዳ ሰው አንድ ቦታ ሲገባ በዙሪያው ያለ ስልክ ሁሉ ይነዝራል፤ «አጠገብዎ ያልተረዳ ሰው አለ፤ በጥንቃቄ ያስተናግዱ» ይላል። ሰውም ያስተናግዳል።

ሚሌ ላይ ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት ዳግም የሚባል ጉረኛ ሾፌር ለሳምንታት እንዲህ ተስተናግዷል። ጥላ ያለበት ወንበር ይለቀቅለታል። ከሥጋው ደህና ደህናው ወደሱ ይገፋለታል። ቀልዱን ድሮ ማንም አይስቅለትም ነበር፣ አሁን ገበታው ሁሉ ይስቃል። ወንድሙ ሲደውልለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል፤ ምሳ የሚበሉት ሰዎች ጉርሻቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው የሟቹን ድምፅ ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ዳግም የዘንድሮ ሰው እኮ እየተሻሻለ ነው አለ። ሁሉም ልክ ነህ አሉት። ኤፍራታም በዚያ ቀን ወንበሯን ለቃለት ነበር። አልነገረችውም። መርዶ የቤተሰብ ነው፣ ከመንገድ ሰው አይሰማም ብላ ለራሷ አሳመነች። ምሳዋን ግን መጨረስ አልቻለችም።

አባቷ የሞተ ጊዜ ሎግያ ነበረች። ማለዳ ሰው ፊቱን ሲታጠብ እሷ የተያዘባትን ዜና ነው የምትከፍተው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። በዚያ ማለዳ ባዶ አልነበረም። አባቷ ናትናኤል ትናንት ከሰዓት ማረፉን፣ የመዘገበችው ታናሽ እህቷ ቤዛ መሆኗን፣ ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሐይቅ ከተማ መሆኑን ይላል። ከታች «ያልተረዱ» በሚለው ሥር አንድ ስም ብቻ አለ፤ የእሷ። ኤፍራታ ፊቷን የጠረገችበትን ፎጣ አፏ ውስጥ ከታ ጮኸች። ከዚያ ፊቷን ደግማ ታጠበችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ማልቀስ አትችልም። ጋቢናው ውስጥ ያለችው ካሜራ ፊት ታነባለች። ሐዘን ካየች አራቱም መኪኖች ባሉበት ይቆማሉ፣ ሾፌሯም ሰው መጥቶ እስኪያነሳት መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ከሎግያ ወዲህ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስዳት ሌላ መኪና በዚያ ሰዓት የለም። አባቷን መቅበር ከፈለገች ደስተኛ ሾፌር ሆና መንዳት አለባት። ስለዚህ ነዳች። ዘፈን ከፈተች። በቀኝና በግራ ያለውን ደረቅ ሜዳ እያየች ከዘፈኑ ጋር አንገቷን ነቀነቀች።

ሚሌን አልፋ ወደ ባቲ ስትቃረብ አባቷ ደወለ። ከስሙ በላይ ቀይ መስመር ነበር። ባታነሳው አጽናኝ ለምን ብሎ ይጠረጥራል፤ አንስታ ብትዘጋውም እንደዚያው። አነሳችው።

«ኤፊዬ፣ የት ደረስሽ?»

«ባቲ ልገባ ነው አባዬ።»

«ቀስ ብለሽ ንጂ። እኔ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድ ብዬ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ይዘው ወጡ፣ ይህን የሚያህል። ልገዛ ብዬ ጉልበቴ ይዞኝ ቀረ።»

«ማታስ ምን በላህ?»

«ሽሮ ነዋ። እህትሽ ጨው ጨምራ ጨምራ ባሕር አደረገችው። ባሕር ነው ያደረገችው ብልሽ።»

ኤፍራታ ሳቀች። ካሜራው ስላለ መሳቅ ነበረባት፤ ግን ሳቁ የማስመሰል አልነበረም። አባቷ እንደዚያ ነበር የሚያወራው። ቤዛን እንደዚያ ነበር የሚያማት። በዚያች ደቂቃ ሬሳው ቤተክርስቲያን ውስጥ ተኝቶ ፍትሐት እየተደረሰለት ነው፣ እዚህ ስለ ሽሮ ያወራል፣ እሷም ትስቃለች። ደህና ሁን ብላ ስልኩን ዘጋች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ መንገዱ ላይ አስመለሰች። ካሜራው «የጉዞ ማቅለሽለሽ» ብሎ መዘገበና ውኃ ጠጪ የሚል ማስታወሻ ላከላት።

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስትደርስ በሩ ሳትጠብቅ ተከፈተ። ከፊቷ ተሰልፈው የነበሩት ሾፌሮች ገለል እያሉ አሳለፏት፣ አንዱም ሙዝ በመስኮቷ አቀበላት። ዕቃ የሚረከበው ተቆጣጣሪ ሌላ ጊዜ ቀና ብሎ አያያትም፤ አሁን እህቴ አላት፣ ደክሞሽ ይሆናል አላት፣ ወረቀቱን እኔ እጨርሰዋለሁ አላት። የሁሉም ፊት ላይ አንድ ዓይነት ፈገግታ ነበር፣ ከንፈር ላይ ብቻ ያለ፣ ዓይን የማይደርስ። እነሱ ያውቃሉ። እሷም ታውቃለች። እሷ ማወቋን ግን አያውቁም። ኤፍራታ ሙዙን ልጣ በላች፣ ምክንያቱም ያልተረዳ ሰው የተሰጠውን ሙዝ ይበላል።

በሚኒባስ ወደ ደሴ፣ ከደሴም በሌላ ሚኒባስ ወደ ሐይቅ ሄደች። ሁለቱም ላይ ተሳፋሪው ስልኩን እያየ ጥግ ጥጉን እየያዘ የፊቱን ወንበር ለቀቀላት። ጮክ ብለው ይከራከሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ዝም አሉ። አንዲት እናት የሚያለቅስ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና አፈነችው። ኤፍራታ ተይ ልጁን ልትላት ፈልጋ ተወችው፤ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወደ ቤተክርስቲያኑ ቅጥር ስትጠጋ ልቅሶው ከውጭ ይሰማል። ሳጥኑ ከቤተክርስቲያን ወጥቶ ወደ ጉድጓዱ እየሄደ ነበር። በበሩ ስትገባ ስልኮቹ በየኪሱ ነዘሩ። ልቅሶው ቆመ። ቀስ በቀስ አይደለም የቆመው፣ ቧንቧ እንደሚዘጋ ነው። ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ባሉበት ቆሙ። ቤዛ ከሴቶቹ መሀል ነበረች፤ ዓይኗ አብጧል፤ እህቷን ስታይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከዚያ እጇን አውርዳ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ወሎ ውስጥ እድሩን ቅሬ ይሉታል። የቅሬው ዳኛ አቶ ሮቤል ኤፍራታን ከልጅነቷ የሚያውቋት ሽማግሌ ናቸው። ቀድመው መጥተው ክንዷን ያዙ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሏት። «የጎረቤት ቀብር ነው። አባትሽ ትንሽ ደከም ስላለው እቤት ቀርቷል።»

ሳጥኑ ላይ የአባቷ ፎቶ ነበር። አቶ ሮቤልም ዓይኗ የሄደበትን ዞረው አዩ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ተራምደው በእሷና በፎቶው መሀል ቆሙ።

«አባቴን ነው የምትቀብሩት» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አባቴን ነው የምትቀብሩት።»

ሽማግሌው ክንዷን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ክፉ ሰው አይደሉም። ያልተረዳ ሰው ፊት አይለቀስም፣ ያልተረዳ ሰው ፊት የሟች ስም አይጠራም፤ ይህ ከአጽናኝ ወዲህ የመጣ ሥርዓት ነው፣ ሰው ግን ከአባቶቹ የወረሰው ይመስለዋል። ኤፍራታ ክንዷን አስለቅቃ አለፈቻቸው። ሳጥኑ ሲወርድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። አፈሩ እርጥብ ነበር። በሁለት እጇ እየዛቀች ወረወረችበት፣ እየዛቀች ወረወረችበት፤ ድምፅ አውጥታም አለቀሰች። ማንም አላገዛትም። አንድ ሰው ብቻውን እየጮኸ ሌላው ሁሉ ከንፈሩን ፈገግ አድርጎ ዙሪያውን ሲቆም ያላየ ሰው ባያይ ይሻለዋል። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትከሻዋን እየዳበሰች አይዞሽ፣ ጎረቤትም ሲሞት እንዲህ ያሳዝናል አለቻት።

እቤት ፍራሽ ተነጥፎ፣ ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሰዎቹ በፍራሹ ላይ ተደርድረው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። የአባቷ መኝታ ክፍል በር ተዘግቷል። ከውስጥ ሰው እንደተኛ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው እንዳትቀሰቅሰው አለው። አቶ ሮቤል ከስልካቸው ጋር ሲመካከሩ ቆይተው ነገ ማለዳ ይሁን ብለው ለቤዛ ነገሯት። እስከ ነገ ማለዳ ኤፍራታ ፊት ማልቀስ ክልክል ነው።

ቤዛ ወደ ጓዳ ሳበቻት። ሁለቱን ስልኮች የብረት ድስት ውስጥ ከታ ከደነች፤ ይህን ዘዴ ያስተማረቻት ኤፍራታ ነበረች።

«ስሜ ላይ ጣትሽን ያሳረፍሽው አንቺ ነሽ» አለች ኤፍራታ።

«እኔ ነኝ።»

«እናታችን ጊዜ ምን እንደሠሩኝ እያወቅሽ።»

«እያወቅኩ። መሪ ላይ ነበርሽ ኤፊ። በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ልቅበር?»

ኤፍራታ መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት። የቤዛን ያበጠ ዓይን ስታይ ልትሰድባት አልቻለችም። እዚያው የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ውጭ ያሉት እንዳይሰሙ ቤዛ የኤፍራታን ጋቢ ነክሳ አለቀሰች። በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ቀን ሰው ያለቀሰው ጓዳ ተደብቆ ነበር።

ቤዛ ቀና ስትል የኖላዊትን ነገር አነሳች። ኖላዊት ነፍሰ ጡር ናት። የፊተኛውን ፅንስ አጥታዋለች፤ ለዚህኛው ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ፣ የሚያስደነግጥ ነገር አትስሚ ብሏታል። እሷ ደግሞ ከእናቷ ይልቅ በአያቷ እጅ ያደገች ልጅ ናት። ከዘመዱ ውስጥ ደውሎ የሚነግራት ደፋር አልተገኘም።

«የሷን ስም አልነካሁትም» አለች ቤዛ። «ልጅሽ ናት። ላንቺ ተውኩት።»

ኤፍራታ እኔ በራሴ አፍ እነግራታለሁ አለች። ለልጄ ማሽን አይነግርልኝም፣ ማሽንም አይዋሽልኝም አለች። ቤዛ ድስቱን ከፍታ ስልኳን መለሰችላት።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ኤፍራታ ነበረች የከፈተችው፤ ከፊት አቶ ሮቤል፣ ከኋላቸው የአጽናኝ ግራጫ ጃኬት የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ ከነሱ ኋላ ትናንት ቀብር ላይ የነበሩት በሙሉ። አስገቧት፣ አስቀመጧት፣ ውኃ አጠጧት። ከጃኬት ለባሾቹ አንዱ አባትሽ አሞት ነበር ብሎ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በየመሀሉ ስልኩን እያየ፣ ትናንት በእጇ አፈር የመለሰችበት አባቷ መሞቱን ነገራት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ስልኮቹ ነዘሩ፣ ቤቱም በአንድ ጊዜ በልቅሶ ተናጋ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። አቶ ሮቤል እንደ ልጅ አነቡ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ሲታፈን ያደረ። ኤፍራታ ብቻ ደርቃ ተቀመጠች። የሚያለቅሱትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች። እወዳቸዋለሁ ወይስ ያስጠሉኛል ብላ ራሷን ጠየቀች፤ ሁለቱም ነበሩባት።

ልቅሶው ጋብ ሲል ስልኳ ጠራ። ኖላዊት ናት፤ ቀይ መስመር የለም። ኤፍራታ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ኖላዊት ድምፅሽ ምን ሆነ ብላ ጠየቀቻት። ጉንፋን ነው አለች። ይህችን ማለት አላሰበችም ነበር፤ አፏ ነው ያለው። ኖላዊት ሕፃኑ ሌሊቱን ሲራገጥባት እንዳደረ ነገረቻት፣ ሳቀች፣ ስትስቅ ሆዷን እየደገፈች እንደሆነ ከትንፋሿ ይታወቃል። የወሩ እድሳት ከሰዓት እንደሚመጣ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል።

«ቁልፉን ላኪልኝ እንጂ እማዬ። ጣሳውን አዘጋጅቻለሁ።»

ቁልፉ በኤፍራታ ስልክ ውስጥ ነበር። ማታውኑ ከሾፌሮቹ ደርሷታል። ልጇ የምትጠብቀው አንዲት ጣት እስክታነሳ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ካላት ግን አጽናኝ ሊሸፍንባት አይችልም፤ እናቷ አያትሽ ሞተ ማለት አለባት፣ ከዚያ ከአልጋ አትውረጂ የተባለችው ልጅ ከአልጋ ትወርዳለች።

«የዚህ ወር ቁልፍ ተበላሽቷል» አለች። «የጫኑት ሰዎች ስልካቸው ሞቶባቸዋል። ይህን አንዴ ዝም ብለሽ አሳልፊው።»

«ሩት ይጠፋብኛል እኮ።»

«ይጥፋ። ከወለድሽ በኋላ መጥቼ እመልስልሻለሁ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለች ኖላዊት።

ኤፍራታ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጓሮው ውስጥ ብዙ ቆመች። ከቤት ውስጥ የሚሰማው ልቅሶ እንደገና ከፍ ብሏል። ስልኳ ላይ የአባቷን ምዝገባ ከፈተች። «ለማን ይቆይ?» የሚለው አሁንም እዚያው ነበር። የልጇን ስም ፈልጋ አገኘችውና ጣቷን አሳረፈች። ስልኩ ስላሰቡላቸው እናመሰግናለን አላት። ኤፍራታ አጥሩ ሥር ተፋች፣ አሁንም ተፋች፤ አፏ ውስጥ ያለው ግን አልወጣ አላት።

በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት ኖላዊት ደግማ ደወለች። በዚያ ቤት ውስጥ የደስታ ድምፅ ከተሰማ ስለቆየ ኤፍራታ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ያዘችው።

«እማዬ፣ አባባ ደወለልኝ» አለች ኖላዊት። «ካወራን ስንት ጊዜ ሆነን፣ ዛሬ አልጨርስ አለኝ። ለምን እሱ ጋ እንዳለሽ አልነገርሽኝም?»

ኤፍራታ ምን አለሽ ብላ ጠየቀች።

«መጥታ ነበር አለኝ። በርዶኝ ተኝቼ ሳለ አጠገቤ ተንበርክካ በሁለት እጇ አለበሰችኝ፣ ከዚያ ሞቀኝ አለ። እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፣ አስለቀሰኝ። እውነት ነው?»

ኤፍራታ እጆቿን አየች። ጥፍሮቿ ውስጥ የቀረውን አፈር ገና አላጠበችውም።

«አዎ» አለቻት። «እውነት ነው።»